ዓሣ ያለበት ምንጣፍ

ልጅ ሲወለድ ቀድሞ የሚሰማው ዘመድ ሳይሆን ስልክ ነው። እስከ ትናንት የኳስ ጎልና የመኪና ማስታወቂያ ሲያሳየኝ የኖረው ቲክቶክ፣ ባለቤቴ የወለደች ሰሞን ዳይፐርና ጡጦ ብቻ ያመጣልኝ ጀመር። ማን ነገረው? እኔ ትንፍሽ አላልኩም። ብቻ አወቀ። ከዚያ ሁሉ ዕቃ መሀል አንዱ ግን አልላቀቅ አለኝ፤ በውሃ የተሞላ፣ ሰማያዊ፣ ውስጡ ዓሣና ኮከብ የሚንሳፈፉበት የፕላስቲክ ምንጣፍ። ላዩ ላይ ጉንጩ ሙልት ያለ ሕፃን በሆዱ ተኝቷል። በመዳፉ መታ ያደርገዋል፤ ውሃው ይናወጣል፤ ዓሣዎቹ ይሸሻሉ፤ ሕፃኑ በሳቅ ይፍለቀለቃል። ከሥሩ ደግሞ «አእምሮ ያዳብራል፣ ቶሎ እንዲድህ ያደርጋል፣ ያሉበት ድረስ እናመጣለን» የሚል ጽሑፍ አለ።

እናንተም አይታችሁታል። ካላያችሁት ገና አልወለዳችሁም ማለት ነው፤ ይድረሳችሁ።

ዕቃውን ሁለት ሺህ ብር በማይሞላ ዋጋ ገዝቼ ለወራት ተጠቅሜበታለሁ፤ ስለዚህ የምለው አለኝ። በቅድሚያ ግን ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንዱ ምንጣፉ ነው። ሌላው ሕፃኑ ምንጣፉ ላይ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ፈረንጆቹ «ተሚ ታይም» የሚሉት፣ ሕፃንን ነቅቶ ሳለ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ እያየው፣ በሆዱ ማስተኛት። የሚሸጥልን የመጀመሪያው ነው። ልጁን የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው፤ እሱ ደግሞ በነጻ ነው።

ነገሩ ከየት መጣ ብትሉ፣ ታሪኩ ትንሽ ያስደነግጣል። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሐኪሞች ሕፃን ሌሊትም በሆዱ ይተኛ ይሉ ነበር። በዘመኑ እናቶች ሁሉ ያነብቡት የነበረው ዶክተር ቤንጃሚን ስፖክ ሳይቀር ይህንኑ መክሯል። ምክንያታቸው «ቢያስመልሰው እንዳያንቀው» የሚል ነበር፤ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። በኋላ ላይ ግን ጤነኛ ሆነው ተኝተው ሳይነቁ የሚቀሩ ጨቅላዎች ጉዳይ ሲጠና፣ በሆድ መተኛት አደጋውን በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር ታወቀ። እንግሊዝ በ1991፣ አሜሪካ በ1994 «በጀርባቸው አስተኟቸው» የሚል ትልቅ ዘመቻ ጀመሩ። በአሜሪካ እንዲህ ያለው ድንገተኛ የጨቅላ ሞት በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። መድኃኒት የለ፣ ክትባት የለ፤ ሕፃኑን ገልበጥ ማድረግ ብቻ።

ታዲያ ወላጆች ምክሩን ከልባቸው ያዙትና ቀኑንም ጨመሩበት። ሕፃናቱ ሌሊት በጀርባ፣ ቀን በጀርባ፣ መኪና ውስጥ በጀርባ ሆኑ። ሐኪሞች ደግሞ ጭንቅላቱ ከኋላ ወይም በአንድ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ ሕፃን ያይባቸው ጀመር። የሕፃን የራስ ቅል ገና ለስላሳ ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ ሲጫኑት ቅርጹን ይለውጣል። ስለዚህ ምክሩ ሁለት ክንፍ እንዲኖረው ተደረገ፦ ለእንቅልፍ በጀርባ፣ ለጨዋታ በሆድ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ እየተከፋፈለ፣ ነቅቶ ሳለ በሆዱ ይሁን ይላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጀምሩና አስረዝሙት ይላል።

የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። ሕፃን በሆዱ ሲሆን ዓለምን ለማየት ጭንቅላቱን ማንሣት አለበት፤ ጭንቅላቱ ደግሞ ለእሱ ከባድ ነው። በሚያነሣት ቁጥር አንገቱ፣ ትከሻው፣ ጀርባው ይሠራል። በወር በሁለት ወሩ ለአፍታ ቀና ይላል። በሦስት በአራት ወሩ በክንዶቹ ይደገፋል። ከዚያ መዳፉን ይተክላል፣ ይገለበጣል።

እዚህ ላይ አማቴን ላስገባ። ልጃችንን መጀመሪያ ወለል ላይ በሆዷ ያስተኛኋት ቀን እሳቸው ቡና እየቆሉ ነበር።

«ምን እያደረግክ ነው? ልጅቷን በደረቷ? አንሣት፣ ትታፈናለች!»

«እማዬ፣ ነቅታ እኮ ነው። እኔም አጠገቧ ነኝ፣ አያሳስብዎ።»

«እና ይሄ ለምንድነው የሚጠቅማት?»

«አንገቷ እንዲጸና ነው።»

«አንገቷማ እንዲጸና እዘላታ!»

ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። እያደር ሳስበው አባባላቸው ብዙ እውነት አለው። የታዘለ ልጅ ደረቱ በእናቱ ጀርባ ላይ ነው፤ የጭንቅላቱ ኋላ ምንም አይጫነውም። አንገቱ ከጸና በኋላ እናቱ ጎንበስ ስትል፣ ስትዞር፣ እንጀራ ስትጋግር እሱም ሚዛኑን ለመጠበቅ አንገቱን ያሠራል። አማቴ ልጄን ሲያጥቧት እግራቸውን ዘርግተው ታፋቸው ላይ በሆዷ ያጋድሟታል፤ ጀርባዋን እያሹ ያወሯታል፤ እሷም ማን እንደሚያወራት ለማየት ቀና ትላለች። ተሚ ታይም ብሎ ስም ያወጣለት የለም እንጂ ነገሩ እዚያው ነው።

አንድ ጥናት ትዝ ይለኛል። ቻርልስ ሱፐር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ ጎረቤታችን ኬንያ ሄዶ የኪፕሲጊስ ማኅበረሰብን ሕፃናት ተከታተለ፤ ጽሑፉ በ1976 ወጣ። የኪፕሲጊስ ሕፃናት ከአሜሪካኖቹ በአንድ ወር ገደማ ቀድመው ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ። «የአፍሪካ ልጅ ሲፈጠር ፈጣን ነው» ይባል የነበረውን ሱፐር አልተቀበለውም። እናቶቹ መቀመጥን ሆን ብለው እንደሚያስተምሩ አየ፤ መሬት ላይ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ጨርቅ አድርገው ልጁን እዚያ ያስቀምጡታል። ልብ በሉ፤ ብዙም በማያለማምዷቸው ነገሮች ላይ፣ ለምሳሌ በሆድ ተኝቶ ራስን ቀና በማድረግና በመዳህ፣ ልጆቹ አልቀደሙም። ሕፃን የሚቀድመው በተለማመደው ነው።

የእኛ ችግር የቱጋ ነው? እኛ የአዲስ አበባ ወጣት ወላጆች አንቀልባውን ጥለናል፤ ወለሉንም አላነሣንም። ቤቱ አንድ ክፍል ኪራይ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ይቀዘቅዛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወሊድ በኋላ ያላት ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ አባት ደግሞ ሦስት ቀን። (ሦስት ቀን! ዘመድ ጥየቃ እንኳ አያልቅበትም።) ከዚያ በኋላ ልጁ የሚውለው አልጋ ላይ በጀርባው ነው፤ የምታየውም ሰው ምግብ መሥራትም ልብስ ማጠብም አለባት። የእኔ ልጅ የተኛችበት አልጋ ግድግዳ ጥግ ነው፤ ሰው የሚመጣላት ሁልጊዜ ከቀኝ ነው። ስለዚህ ፊቷን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ። የአሥር ሳምንት ክትባቷን ስናስከትብ ነርሷ ጭንቅላቷን በመዳፏ ዳበሰችና «እዚህ ጋ ትንሽ ጠፍጠፍ ብላለች፤ አንገቷ ወደ ግራ በደንብ ይዞራል?» አለችን። ዞረ፤ እፎይ አልን። ነርሷ ሁለት ነገር ነገረችን፦ የምትተኛበትን አቅጣጫ ቀያይሩ፤ ነቅታ ሳለ በሆዷ አድርጓት።

እንግዲህ ምንጣፉን የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። ልጄ ወለል ላይ በሆዷ ሳስተኛት ታለቅስ ነበር፤ ትንሽ የምታየው ነገር ብታገኝ ትቆያለች ብዬ ነው። ሻጩን በቴሌግራም «የት አገር የተሠራ ነው? ከምን?» ብዬ ጠየቅኩት። «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ» አለኝ። ይህ የየትኛው አገር ስም እንደሆነ እስካሁን እየፈለግኩ ነው።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ዙሪያው ያለው ቀለበት በአየር ይነፋል፤ መሀሉ በውሃ ይሞላል። መጀመሪያ አየሩን ነፍታችሁ ለሰዓታት አስቀምጡት። ከላላ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል ማለት ነው፤ የሳሙና አረፋ ስትቀቡት ቀዳዳው ጋ ይንፈቀፈቃል። ከዚያ ውሃው። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እና የልጄ «ባሕር» ከጀሪካን ነው የተቀዳው። ከጀሪካን የወጣ ውሃ ደግሞ በአዲስ አበባ ጠዋት በረዶ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከደረቅ ምንጣፍ ይልቅ ቶሎ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከማንቆርቆሪያ ትንሽ ሙቅ ውሃ ቀላቅዬ ለብ አደርገዋለሁ፤ በክርኔ እለካዋለሁ። ብዙ ከሞላችሁት ምንጣፉ እንደ ኳስ ይወጠርና ልጁን ያንከባልለዋል፤ ካነሰ ደግሞ ሆዱ ወለሉን ይነካና ዓሣዎቹ አይንቀሳቀሱም። አልጋ ላይ ፈጽሞ አታድርጉት። መርፌ ቁልፍና የፀጉር ሽቦ ካጠገቡ ይራቅ።

የመጀመሪያው ቀን አለቀሰች። ሁለተኛውም ቀን። ሦስተኛው ቀን እጇ ሳታስበው ምንጣፉን መታ፤ ቢጫው ዓሣ ሸሸ። ዝም አለች። ሌላም ጊዜ መታች። እኔ ከእሷ ይልቅ የደነገጥኩ ይመስለኛል። «እኔ ስነካው ይንቀሳቀሳል» የሚለውን ነገር አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያውቀው በዓይን ማየት ቀላል ነገር አይደለም። የምንጣፉ እውነተኛ ጥቅም ይኸው ነው፤ እጅና ውጤትን ያገናኛል፣ ዓይንን ይስባል። አእምሮ ያዳብራል የሚለው ማስታወቂያ ግን ተጋነነ። ቀለም ያለው ኩባያ ቢንከባለልላትም ያው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልኩ። እኔ ተነሥቼ ወንበር ላይ ስቀመጥ ዓሣዎቹ ብቻቸውን አንድ ደቂቃ አያቆዩአትም። ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ ፊቴን ፊቷ ትይዩ ሳደርግ ግን አራት አምስት ደቂቃ ትቆያለች። አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ያም ጡት ከሚጠባበት እስከ እናቱ ፊት ያለው ርቀት ነው። እያደገ ሩቅ ቢያይም ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ያንኑ የሰው ፊት ነው። ለዚህ ነው ቪዲዮ እየቀረጹ ተሚ ታይም የማይሆነው። ስልኩን ፊታችሁ ላይ ስትደቅኑ ልጁ ቀና ብሎ የሚያገኘው ጥቁር አራት ማዕዘን ነው። አንዳንዱ ደግሞ ልጁ ዝም እንዲል ስልኩን ከፊቱ አቁሞ ካርቱን ይከፍትለታል፤ ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ስክሪን ጭራሽ አይመከርም ይላል።

አሁን ወደማይወደደው ክፍል። ምንጣፉ ለስላሳና ተንሳፋፊ ነው፤ ሕፃን ግን ራሱን ቀና ለማድረግ የሚገፋው ጠንካራ ነገር ይፈልጋል። እናንተ ስፖንጅ ላይ ፑሽአፕ ሥሩ ብትባሉ እንደምትቸገሩት ነው። ስለዚህ ዋናው ልምምድ ወለል ላይ፣ ሰሌንና አንድ የታጠፈ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ይሁን፤ ምንጣፉ የጥቂት ደቂቃ ጨዋታ ነው። አንገቱ ገና ላልጸና ጨቅላ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ራሱ ሲደክመው አፍንጫው ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ይደፋል፤ ፕላስቲክ አየር አያሳልፍም። ሕፃኑ ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ከወሰደው ወዲያው አንሥታችሁ በጀርባው አልጋው ላይ አስተኙት።

ውሃ ደግሞ ውሃ ነው። ሕፃን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ሊሰጥም ይችላል፤ ምንጣፉ ቢቀደድ የሚፈሰው ውሃ ለአዋቂ ወለል የሚያረጥብ ነው፣ ፊቱን ለደፋ ሕፃን ግን ሌላ ነገር ነው። በር ተንኳኳ፣ ስልክ ጠራ፣ ወጥ ገነፈለ ብሎ ልጁን እዚያው ትቶ መነሣት የለም፤ ይዞ መነሣት ነው። ውሃውም ለሳምንታት ከተቀመጠ ይሻግታል፤ ውስጡን ደግሞ አጥቦ ማድረቅ አስቸጋሪ ነው። እኔ በሦስት በአራት ቀን እለውጠዋለሁ፤ የሚወጣውን ውሃ ወለል እንወለውልበታለን። በፈረቃ የመጣ ውሃ አይደፋም።

የተሠራበት ነገር ፒቪሲ ይባላል። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ እንዲህ እንዲለሰልስ የሚጨመሩበት ኬሚካሎች አሉ፤ ከእነሱ ውስጥ ፍታሌት የሚባሉት የሆርሞንን ሥርዓት ያውካሉ ተብሎ ይሰጋል። የአውሮፓ ኅብረት ስድስቱን በሕፃናት መጫወቻ ላይ በ1999 በጊዜያዊነት፣ በ2005 ደግሞ በሕግ ገድቧል፤ መጠናቸው ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጥ። አሜሪካም በ2008 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ሕፃን ደግሞ የተኛበትን ሁሉ ይልሳል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ ለስንት ወር ልጅ እንደሆነ፣ የደኅንነት ምልክት መኖሩን እዩ። ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ተዉት። በላዩ ጨርቅ ማልበስ የሚመክሩም አሉ፤ ያኔ ዓሣዎቹ አይታዩም፤ ያን ጊዜ ገንዘቡን ለምን አወጣነው?

ከዓሣ ይልቅ ውሃ ሲነካቸው የሚያብጡ ትንንሽ ባለቀለም ኳሶች ያሉበት ዓይነት ካጋጠማችሁ አትግዙ። ተቀድዶ ሕፃን አንዷን ቢውጥ አንጀቱ ውስጥ ታብጣለች፤ በዚህ ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ልጆች አሉ። በአሜሪካ አማዞን፣ ዋልማርትና ታርጌት እነዚህን ኳሶች ለልጆች መጫወቻነት መሸጥ እንደሚያቆሙ በ2023 መጨረሻ አስታውቀዋል።

ገንዘቡ ለሌላት ወይም ማውጣት ለማይፈልግ፣ የሚሠራ ነገር ሞልቷል። ሲጀመር ምርጡ ቦታ የእናት ወይም የአባት ደረት ነው፤ ጋደም ብላችሁ ልጁን ደረታችሁ ላይ በሆዱ ማድረግ፤ ፊታችሁን ለማየት ሲል ቀና ይላል። ከተወለደበት ሰሞን ጀምሮ ይቻላል፤ እናንተ እስካልተኛችሁ ድረስ። ወለል ላይ ለሚያለቅስ ልጅ ፎጣ ጠቅልላችሁ ከብብቱ ሥር ደረቱ ላይ አድርጉለት፤ ክንዱ ወደ ፊት ይለፍ። የማይሰበር መስተዋት ከፊቱ አቁሙ። ጠብቶ ወዲያው አይሁን፤ ያስመልሰዋል። ዳይፐር በቀየራችሁ ቁጥር ሁለት ደቂቃ ብታደርጉት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሆን አስሉት። ሲያለቅስ አንሡት፤ ቅጣት አይደለም።

አማቴና እኔ አሁን ታርቀናል። እሳቸው ከሰዓት ያዝሏታል፤ እኔ ማታ ከሥራ ስገባ ወለሉ ላይ እጠብቃታለሁ። የአሥራ አራት ሳምንት ክትባቷን ስንሄድ ነርሷ በድጋሚ ዳበሰቻትና «እየተስተካከለች ነው» አለች። ይህ የምንጣፉ ይሁን፣ የአቅጣጫው መቀያየር ይሁን፣ የአማቴ ጀርባ ይሁን ለይቼ አልናገርም። አብዛኛው ጠፍጣፋነት ልጁ መቀመጥ ሲጀምር በራሱም እየተሻለ ይሄዳል።

አንዳንዱ ግን አይጠበቅም። ልጁ ፊቱን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚያዞር፣ ወደ ሌላው ስታዞሩት የሚያለቅስ ወይም አንገቱ ደረቅ የሚል ከሆነ፤ አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፤ አራት ወር ሞልቶት ራሱን መሸከም ካቃተው፤ ወይም ሰውነቱ ከመጠን በላይ የላላ አለዚያም የገተረ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ። የአንገት ጡንቻ ማጠር ቶሎ ከተያዘ በፊዚዮቴራፒ በደንብ ይስተካከላል፤ ሲዘገይ ይከብዳል። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባቶች ለዚህ ጥያቄ ጥሩ አጋጣሚ ናቸው። መርፌው እስኪዘጋጅ ድረስ «አንገቱን እዩልኝ» ማለት ገንዘብ አያስከፍልም።

ምንጣፉ? ልጄ ባለፈው ሳምንት መገልበጥ ጀምራለች፤ ሁለት ጊዜ ከዳር ወደ ወለሉ ተንከባልላ ወጣች። መዳህ ስትጀምር ጭራሽ አታየውም። የግቢያችን ተከራይ በቅርቡ ትወልዳለች፤ «ያንን ዓሣችሁን ታውሱኛላችሁ አይደል?» ብላኛለች። ውሃውን አውጥቼ፣ ቫልቩን ከፍቼ ጥላ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ከመስጠቴ በፊት በሳሙና አረፋ በድጋሚ እፈትሸዋለሁ፤ የልጇ አንገት ሳይጸና እንዳትጠቀምበትም ነግሬያታለሁ።